ጆርጂያ ለዱቄት በረዶ፦ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ቀን

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች "ጆርጂያ ስንት ፈጀባችሁ?" ብለው ደወሉልኝ፤ የካውካሰሷን አገር ማለታቸው ነው፣ ስኪ ልንንሸራተት የሄድንባትን። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ሦስተኛው ሳይደውል እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማን እንደምጽፍ አስቀድሜ ልናገር። ስኪ መማር ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ጥቁር ፒስት (የተደለደለውና ከሁሉም ከባዱ የስኪ መንገድ) ለሰለቸው፣ ሌሊት በረዶ ሲጥል እንቅልፍ እምቢ ለሚለው፣ ጉልበት በሚውጥ በረዶ ውስጥ በዛፎች መሀል መውረድ ለሚችል፣ ግን ካናዳ ሄዶ በሄሊኮፕተር ተራራ ላይ ለመውጣት ኪሱ ለማይፈቅድለት ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሐበሻ አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ። እዚህ ሙኒክ አካባቢ ብቻ የምንተዋወቅ ስድስት ነን። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ የገባ ጊዜ እኔ ገና በረዶ በእጄ አልነካሁም ነበር። እሱ የተወዳደረው አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ እኛ ደግሞ ቁልቁለት ነው የምንወደው፤ ቢሆንም "ይሄ ነገር ለእኛም ይሆናል" ብዬ ያሰብኩት እሱን አይቼ ነው።

ፈረንጆቹ ፓውደር የሚሉትን እኛ እርስ በርስ "ዱቄት" ነው የምንለው። ጥሩው ከወንፊት እንደወረደ የጤፍ ዱቄት ነው፤ እፍ ቢሉት ይበናል። ሙቀት የነካው ደግሞ ሊጥ ነው። እግር ይይዛል፣ ጉልበት ይጎዳል። ይሄን ልዩነት ያልኩት ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የመጀመሪያው የጆርጂያ ጉዞዬ ከሸፈ። ከሦስት ዓመት በፊት ጉዳውሪ ስድስት ቀን ያዝን። ጉዳውሪ ከትብሊሲ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ሊፍቶቹ፣ ማለትም ሰውን በገመድ ወደ ተራራው የሚያወጡት፣ ወደ 3,300 ሜትር ከፍታ ይጠጋሉ፣ ተራራው ሰፊና ክፍት ነው፣ በጠራ ቀን ዓይን አይጠግበውም። ግን ዛፍ የለውም። ዛፍ በሌለበት ተራራ ላይ በረዶ ሲጥል ሰማይና መሬት አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር እንኳ አይታይም። ሁለት ቀን ነፋስ የላይኛዎቹን ሊፍቶች ዘጋቸው። ሁለት ቀን ጭጋግ ሆነ። አምስተኛው ቀን ላይ ወደ ጅቫሪ ማለፊያ የሚወስደው የተራራ መንገድ የበረዶ ናዳ ተፈርቶ ተዘጋ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ብርጭቆ ሆኖ ነጋ። ተራራው ላይ አንድም መስመር አልተሰመረበትም። እኛ ስኪያችንን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያሰርን ነበር፤ አውሮፕላናችን ማታ ነው፣ ሆቴሉ ተከፍሎ አልቋል። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አንዳችንም አልተናገርንም።

ስህተቱ የአየሩ አልነበረም። ጉዞውን ኦስትሪያ እንደምሄድ አድርጌ ነበር ያቀድኩት። አርልበርግ በሚባለው የኦስትሪያ የስኪ ቦታ ላይ የስድስት ቀን የሊፍት ትኬት ብቻ ከ400 ዩሮ በላይ ነው፣ አልጋው ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሳምንት ይይዛል፣ ሳምንቱ ካለቀ አለቀ። ጆርጂያ ውስጥ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ትልቁ ወጪ መድረሱ ነው። አንዴ ከደረሳችሁ አንድ ተጨማሪ ቀን መቆየት የሚያስወጣችሁ አልጋና ምግብ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። ስለዚህ ርካሽነቱን ለቅንጦት ሳይሆን ለመጠበቂያ ነው መጠቀም ያለባችሁ። ለዱቄት የሚሄድ ሰው የሚገዛው ትልቁ ነገር ቀን ነው። ስድስት ቀን ይዛችሁ አምስቱን ካጣችሁ ርካሽ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ይዛችሁ አራት እውነተኛ ቀን ካገኛችሁ ግን ከማንም በላይ ተጠቅማችኋል።

ዘንድሮ እንደዚያ አደረግን። አራት ሆነን፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ። ቀድመን የከፈልነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር። መድረሻችን ስቫኔቲ የሚባለው የጆርጂያ ተራራማ ክልል ነው፤ መስቲያ የምትባል ከተማ፣ 1,500 ሜትር ላይ።

መስቲያን የመረጥናት ሁለት ተራራ ስላላት ነው። ሀትስቫሊ ከከተማው አጠገብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን ጫካ ነው። ቴትኑልዲ ራቅ ይላል፣ ሊፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ያወጣል፣ ላይኛው ክፍል ክፍት ነው። በረዶ ሲጥልና ሲጨልም ሀትስቫሊ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ዛፉ ለዓይን መያዣ ይሆናል፣ ነፋሱንም ይሰብረዋል። ሲጠራ ቴትኑልዲ ትወጣላችሁ። ጉዳውሪ ላይ ያጣነው ይሄን ነበር፣ መጥፎ ቀን ላይ የሚኬድበት ሁለተኛ ቦታ።

የበረዶው ምንጭ ጥቁር ባሕር ነው። ባሕሩ በዚያ በኩል በክረምት በረዶ አይሆንም፣ ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ ካውካሰስ ላይ ያራግፈዋል። ባሕሩ አጠገብ ያሉት ተራሮች በብዛት ያገኛሉ፣ ግን ሞቅ ካለ ሊጥ ነው የሚሆነው። ወደ ውስጥና ወደ ላይ በገባችሁ ቁጥር ይደርቃል። ስለዚህ ትንበያ ስታዩ "ስንት ሴንቲ ሜትር" ብቻ አትበሉ፤ ከምን ያህል ከፍታ በላይ በረዶ፣ ከምን ያህል በታች ዝናብ እንደሆነ ተመልከቱ። በመጋቢት ያ ቁጥር ሁሉንም ነገር ይወስናል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከሜሚንገን ኩታይሲ የሚበር ዊዝ ኤር አለ፤ ሜሚንገን ከሙኒክ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኩታይሲ ከትብሊሲ ይልቅ ለስቫኔቲ ትቀርባለች። ለደርሶ መልስ 130 ዩሮ ከፈልኩ፤ የስኪ ቦርሳው ዋጋ ግን ከእኔ ትኬት ብዙም አይተናነስም። እዚህ ላይ ነው የሚቆጠበው፦ ሁለት ሰው አንድ ቦርሳ። ሁለት ጥንድ ስኪ ገጥማችሁ በመሀል ጃኬትና ሱሪ ጠቅጥቁበት፣ ክብደቱን ቤት ውስጥ መዝኑት። የስኪ ቦት ጫማችሁን ግን በእጃችሁ ያዙ። ስኪ ቢጠፋ ይከራያል፣ እግራችሁን የለመደ ቦት የሚከራይበት ቦታ የለም። በነገራችን ላይ መስቲያ ውስጥ ለዱቄት የሚሆን ሰፊ ስኪ በቀላሉ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። የራሳችሁን ውሰዱ።

ከኩታይሲ ማርሽሩትካ የሚሉትን ሚኒባስ ትይዛላችሁ፣ በዙግዲዲ በኩል። ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አዲስ ነገር የለውም። ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ዕቃ በጣሪያ ነው፣ ሹፌሩ ሁሉንም ያውቃል። መንገዱ 271 ሜትር ከፍታ ባለው የኤንጉሪ ግድብ አጠገብ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሆድ የሚያገላብጣችሁ ከሆነ ፊት ተቀመጡ። ወደ መስቲያ የምትበር ትንሽ አውሮፕላንም አለች፣ ግን አየሩ ሲበላሽ ትሰረዛለች፤ እኛ ደግሞ የምንሄደው አየሩ እንዲበላሽ እየጸለይን ነው።

ስለ ቪዛ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከአራታችን ሁለታችን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝነው። የአውሮፓ ኅብረት ወይም የአሜሪካ የጸና መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ጆርጂያ ያለ ቪዛ ታስገባለች፣ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ሕግ ስለሚለወጥ ከመቁረጣችሁ በፊት የጆርጂያ ቆንስላን ገጽ እዩ፣ ያንንም ገጽ አትማችሁ ያዙት። አየር ማረፊያ ላይ ፓስፖርት የምታየው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ደንቡን ላታውቀው ትችላለች፣ ወረቀቱን ስታሳዩአት ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ማብቂያ ቀን ከመመለሻችሁ በኋላ መሆኑንም አረጋግጡ።

አልጋ የያዝነው ሰው ቤት ነው። ቁርስና እራት ጨምሮ ለአንድ ሰው በቀን 30 ዩሮ ገደማ። ሳሎኑ መሀል የብረት ምድጃ አለ፣ እንጨት ይነድበታል። ማታ ማታ የቦት ጫማችንን ውስጠኛ ልብስ አውጥተን ዙሪያውን እንደረድራለን፤ ጠዋት ስንለብሰው ሞቆ፣ ጭስ ጭስ እያለ። ይሄን ለአምስት ኮከብ ሆቴል አልለውጠውም።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ምን እበላለሁ ብዬ ከሙኒክ ሽሮ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሳያስፈልገኝ ቀረ። የመጀመሪያው ማታ የቤቱ እመቤት በአይብ የተሞላ ዳቦ አመጡ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንዲት የተማርኳትን ቃል አልኩ፤ "ሳማርኽቮ"። የጾም ምግብ ማለት ነው። ሴትዮዋ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። ቀረብ ብለው በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ዳቦውን ወደ ሌሎቹ ገፉና ወደ ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይተው በሸክላ ድስት የሚንተከተክ የቦሎቄ ወጥ ይዘው መጡ፤ ሎቢዮ ይሉታል። ከጎኑ የበቆሎ ቂጣ። ሽታው ቤቴ ወሰደኝ። ቅመሙን ቆይቼ ስጠይቅ የአብሽ ዘመድ አለበት አሉኝ፣ ድምብላልና ነጭ ሽንኩርትም አለው፤ የስቫን ጨው የሚሉት ሲሆን እኛ ሚጥሚጣ እንደምንነሰንስ እነሱ እሱን ይነሰንሳሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሳልናገር የጾም ይቀርብልኝ ነበር። ቆስጣ የመሰለ ቅጠል ከዎልነት ጋር ተፈጭቶ፣ ድንች የገባበት ኽንካሊ የሚሉት የተቀቀለ ጥቅል ሊጥ፣ ቦሎቄ የተሞላ ዳቦ። ይሄ ዳቦ ሎቢያኒ ይባላል፣ ቀዝቅዞም ጥሩ ነው፣ ምሳ አድርጋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ውሰዱት። ሰዓቱን አልጠበቅሁም። ለነፍስ አባቴ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ በባዶ ሆድ ተራራ መውጣት ልክ አይደለም።

ቴትኑልዲ ለመሄድ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ ፎር ዊል ያስፈልጋል። መስቲያ በሚትሱቢሺ ዴሊካ የተሞላች ከተማ ናት። አንዱን ለአራት ስትካፈሉት ብዙ አይደለም፤ ሹፌሩን ማታ ቁጥሩን ተቀብላችሁ "ከጠራ እንደውልልሃለን" በሉት። የሊፍት ትኬቱ በአልፕስ ትልልቅ ቦታዎች ከሚከፈለው ሲሶ ገደማ ነው።

አሁን ወደማይቆጠብበት ነገር።

ቢከን (በረዶ የዋጠውን ሰው በሬዲዮ ምልክት የሚያገኝ መሣሪያ)፣ አካፋ፣ ፕሮብ (በረዶ ውስጥ ሰው የሚፈለግበት ረጅም ዘንግ)። ሦስቱም፣ በእያንዳንዱ ሰው ላይ፣ ሁልጊዜ። ሁሉም ቢከን በአንድ ሞገድ፣ በ457 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከጓደኛ ብትዋሱም ከየትኛውም ብራንድ ጋር ይግባባል። ግን መያዙ ብቻ ዋጋ የለውም። ናዳ የዋጠውን ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃ ካወጣችሁት የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ሄሊኮፕተር አይደርስላችሁም። የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው። እኛ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ቅዳሜ ሜዳ ላይ ቢከን ቀብረን ተለማመድን። የመጀመሪያው ቀን እኔ ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም ሳልቆፍር። ደንግጬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል አወረድኩት።

መሪ ያዙ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ኦስትሪያ ውስጥ ቲሮል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የናዳ ትንበያ ታወጣለች፣ ከ1 እስከ 5 በደረጃ፣ በከፍታና በአቅጣጫ ተከፋፍሎ። እሱን የለመደ ሰው ስቫኔቲ ሲመጣ ዓይኑን እንደታሰረ ነው። እዚያ በረዶው ባለፉት ሳምንታት እንዴት እንደተደራረበ፣ የትኛው ገደል ላይ ነፋስ በረዶውን እንደ ሰሌዳ አጠንክሮ እንደከመረ የሚያውቀው በየቀኑ እዚያ የሚውል ሰው ነው። የዓለም አቀፉ የተራራ መሪዎች ማኅበር መታወቂያ ያለውን ጠይቁ። ወጪው ለአራት ሲካፈል እራት እንደመጋበዝ ነው። የእኛ መሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ አሳየን፤ ከላይ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደ ስኳር የሚፈረፈር፣ ከላዩ ያለውን በረዶ የማይዝ ንብርብር ነበር። በመዳፉ ዘግኖ ወደ ላይ ያዘው። በጣቶቹ መሀል ፈስሶ አለቀ። "ሰሜን ፊት ላይ በዚህ ሳምንት አንወጣም" አለ፣ አልወጣንም።

ኢንሹራንስ ስትገዙ "ስኪ" የሚለው አይበቃም። ከፒስት ውጭ መንሸራተትን፣ የተራራ ፍለጋና ማዳንን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የጆርጂያ የአደጋ ቁጥር 112 ነው። ከድንበር መስመሮችም ራቁ፤ ዙግዲዲ ለአብካዚያ ቅርብ ናት፣ በጉዳውሪ ወገን ያለው የትሩሶ ሸለቆ ጫፍ ደግሞ ወደ ደቡብ ኦሴቲያ መስመር ነው የሚያመራው። ቱሪንግ፣ ማለትም ያለ ሊፍት በእግር ወጥታችሁ የምትወርዱበትን ጉዞ፣ ስትሄዱ ካርታውን አይታችሁ ነው።

የናዳ ኤርባግ (ናዳ ሲመጣ እንደ ፊኛ የሚነፋ የጀርባ ቦርሳ) ያላችሁ ሰዎች ይሄን አስተውሉ። በሌላ ጉዞ፣ ስሙን በማልጠራው አየር መንገድ፣ የጋዝ ሲሊንደሬን በር ላይ ወሰዱብኝ። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ግን የአየር መንገዱ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔ ፈቃዱን ኢሜይል ላይ ነበረኝ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ የማይሠራ ቦርሳ ተሸክሜ ዋልኩ። አሁን በባትሪ የሚሠራውን ነው የያዝኩት።

ዱቄቱ ስድስተኛው ቀን ላይ ነው የመጣው። ሦስት ቀን ዝም ብለን ጠብቀን፣ አንዱን ቀን መንደር ውስጥ የጥንቶቹን የድንጋይ ማማዎች እያየን ዋልን፣ አንዱን ተኝተን። አምስተኛው ቀን ማታ መጣል ጀመረ። ሌሊት ለሽንት ስወጣ የጓሮው አጥር ጠፍቷል። ጠዋት የሀትስቫሊ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ከእኛ ሌላ አምስት ሰው ብቻ ነበር። አምስት! አርልበርግ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታረሳል። ጫካው ውስጥ ስንገባ ድምፅ የለም። የመጀመሪያዋን ዙር ስዞር በረዶው ደረቴ ላይ መጣ፣ ዓይኔን ሸፈነው፣ ሳላይ ሁለተኛዋን ዞርኩ። ጤፍ ነው። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው። ጓደኛዬ ከግራ በኩል "እየመጣሁ!" ይላል፣ እኔ "አለሁ!" እላለሁ፣ እንዲያ እየተጠራራን እስከታች።

መጠራራቱ ለደስታ ብቻ አይደለም። ወፍራም ጥድ ሥር ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚከልለው ግንዱ ዙሪያ ባዶ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ላዩ ተሸፍኖ አይታይም። በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የገባበት ሰው ብቻውን አይወጣም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ በዓይን ወይም በድምፅ ሳትለያዩ ውረዱ፣ ፉጨት አንገታችሁ ላይ ይሁን።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ጥሩ ቀን አገኘን፣ ሁለቱ ቴትኑልዲ ላይ፣ ከጠራ ሰማይ ጋር። የቀሩት ቀናት መካከለኛ ነበሩ፣ አንዱ ሊጥ። አውሮፕላኑን፣ የስኪ ቦርሳውን፣ መሪውን፣ ዴሊካውን ሁሉ ጨምሮ ለአንድ ሰው ከ1,000 ዩሮ ትንሽ ዝቅ አለ።

ለመጪው ዓመት ዓይናችን ያለው ወደ ባሕሩ ጠጋ ባሉት ላይ ነው። በአጃሪያ ጎደርዚ አለ፣ ከባቱሚ በመኪና የሚወጣ፣ ሊፍት ያለው። ባክማሮ ደግሞ በክረምት ቤቶቿ እስከ ጣሪያቸው የሚቀበሩባት መንደር ናት፤ ሊፍት የለም፣ በበረዶ ትራክተር ነው የሚወጣው። ቀዝቃዛው ጊዜ ስለሚሻል በጥር ነው የምናስበው። ከአራታችን አንዱ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ አይመጣም። አንድ ቦታ አለ፣ ዴሊካ ለአራት ሲሆን ነው የሚያዋጣው። ቢከን ያለው፣ ሁለት ቅዳሜ ለልምምድ ሙኒክ መምጣት የሚችል፣ "ዛሬ አንወጣም" ሲባል የማይከራከር ሰው ካለ ይጻፍልኝ።